ጡቱ ነው ወይስ ሻዩ? የሕፃን ጥርስ ለምን ይቦረቦራል

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖታል። የላይኛው የፊት ጥርሶቹ መጀመሪያ ከድዱ አጠገብ ነጭ ነጭ ሆኑ። አሁን ቡናማ ሆነው ጫፋቸው እየተሸረፈ ነው። ሌሊት ጡት ይጠባል። ቀን ሻይ በዳቦ ይወዳል፤ ሌላ ምግብ ግን እንቢ ይላል። ክብደቱም ዝቅ ያለ ነው ተብያለሁ። አማቴ ‹ጡቱ ነው ያበላሸው፣ ቶሎ አስጥይው› ይላሉ። ጎረቤት ደግሞ ‹ትል ነው፣ የሚያወጡ ሰዎች አሉ› ይለኛል። ፋርማሲ ስጠይቅ የካልሲየም ሽሮፕ ግዢ አሉኝ። የወተት ጥርስ ስለሆነ መውደቁ አይቀርም ብዬ ልተወው? የ5 ወር ነፍሰ ጡር ስለሆንኩ ለሚመጣውም ልጅ ሰግቻለሁ።»

ምላሽ፦ የገለጹት ነገር የጥርስ መቦርቦር ነው የሚመስለው። ከላይኛው የፊት ጥርስ መጀመሩ፣ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ኋላ ቡናማ መሆኑ፣ ጫፉ መሸረፉ ሁሉ ወደዚያ ይመራል። ጥርሱን ሐኪም በዓይኑ ማየቱ ግን ግድ ነው። ከጠቀሷቸው ነገሮች ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ ማንም ያልከሰሰው ነው፤ ጣፋጩ ሻይ። ልጅዎ ምግብ እንቢ የሚለውና ጥርሱ የሚያልቀው በአብዛኛው በአንድ ምክንያት ነው። ስለዚህ መፍትሔውም አንድ ላይ ነው የሚመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሁላችንም አፍ ውስጥ ባክቴሪያ አለ። ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስ የሚባለው ዝርያ ስኳር ሲያገኝ አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ከጥርሱ ጠንካራ ሽፋን፣ ከኢናሜሉ፣ ማዕድን ያሟሟል። ምራቅ ደግሞ አሲዱን ያለዝባል፤ የወጣውን ማዕድንም ይመልሳል። ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል። ልጁ ሻዩን ከቁርሱ ጋር ጠጥቶ ቢጨርስ ምራቁ ይደርስለታል። ኩባያውን ይዞ በየሩብ ሰዓቱ ፉት እያለ ከዋለ ግን ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ አዲስ አሲድ ይመጣበታል። ስለዚህ ለጥርስ ከስኳሩ ብዛት ይልቅ በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ ይገባል የሚለው ይከብዳል። ብዙ ወላጆች ይህን አያውቁም። «ትንሽ ብቻ ነው የማደርግለት» ይሉኛል። ትንሽም ብትሆን ቀኑን ሙሉ ከቀመሳት ጥርሱ ማረፊያ አያገኝም።

የወተት ጥርስ ኢናሜል ውፍረቱ የቋሚውን ግማሽ ያህል ነው። ለዚህ ነው አዋቂ ላይ ዓመታት የሚፈጅ ጉዳት ሕፃን ላይ በወራት የሚደርሰው። የላይኛው የፊት ጥርስ ቀድሞ የሚጎዳበትም ምክንያት አለ። የታችኛውን ምላስ ይሸፍነዋል፤ ከምላስ ሥር የሚመነጨው ምራቅም ያጥበዋል። የላይኛው ይህ ዕድል የለውም። ልጅ ሲተኛ ደግሞ ምራቁ በጣም ይቀንሳል። ጣፋጭ ነገር ጠጥቶ፣ ጥርሱን ሳይቦረሽ የተኛ ልጅ አሲዱ ረጅም ሰዓት ጥርሱ ላይ ይቆይበታል።

አሁን ወደ ጡቱ ልምጣ። አማትዎ ያሉት ነገር መነሻ አለው፤ «ቶሎ አስጥይው» የሚለው ግን ልክ አይደለም። እስከ 12 ወር ጡት መጥባት ጥርስን ለመቦርቦር አያጋልጥም። ከዓመት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ጡት አፉ ውስጥ ይዞ የሚተኛ ልጅ ላይ ግን መቦርቦር በርከት ብሎ ይታያል። እነዚህ ልጆች ብዙውን ጊዜ ቀን ላይም ስኳር ሲቀምሱ የሚውሉ፣ ጥርሳቸውም የማይቦረሽላቸው ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። ልጅዎ ክብደቱ ዝቅ ያለ ነው። ሌላ ምግብም እንቢ ይላል። ጡቱን በአንድ ጊዜ ቢያቋርጡበት ከሚያገኘው ውስጥ ጥሩውን ምግብ ወስደው ሻዩን ይተዉለታል ማለት ነው። የቀኑን ጡት ይቀጥሉ። የሌሊቱን በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ጊዜ ይቀንሱ። ጠብቶ ሲጨርስ ከአፉ ያውጡት፤ ይዞት አይደር። እርግዝናውም ጤናማ ከሆነ ማጥባት አይከለክልም። ደም ከፈሰሰዎት ወይም ከዚህ በፊት ያለጊዜዎ ወልደው ከሆነ ግን አዋላጅዋን ያማክሩ።

የትሉን ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። የዕፅ ፍሬ አጭሰው «ይኸው ወጣ» ብለው የሚያሳዩት ነገር ከልጁ ጥርስ የወጣ አይደለም። ጭሱ ሕፃኑን ሊያቃጥለው ወይም ሊያፍነው ይችላል። በጋለ ብረት መተኮስማ የከፋ ነው። ልጅዎን ለማንም እንዲህ ላለ ነገር አይስጡ።

የካልሲየም ሽሮፑ ደግሞ አይጎዳው ይሆናል፤ የተበላሸውን ጥርስ ግን አያድንም። አንዴ ከድድ ወጥቶ የቆመ ጥርስ ሽፋኑን ከሚዋጥ ካልሲየም አይጠግንም። ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲ እና ፕሮቲን ለጥርስ የሚያስፈልጉት ጥርሱ ከድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። የወተት ጥርስ መሠራት የሚጀምረው በእርግዝና 4ኛ ወር አካባቢ ሲሆን፣ ከላይ የሚታየው ክፍሉ ልጁ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በአብዛኛው ያልቃል። በዚያ ጊዜ እናትየው ወይም ሕፃኑ በምግብ ከተጎዱ፣ ወይም ሕፃኑ በተደጋጋሚ በጽኑ ከታመመ፣ ኢናሜሉ ስስና ጎድጓዳ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ጥርስ ስኳር ሲያገኘው ቶሎ ይሸነፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ወሎ ውስጥ የምግብ እጥረት ሲነሣ የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ትዝ የማይለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ስለዚህ «እጥረት» ሲባል የሚታየን ባዶ ማዕድ ነው። ረሃብ ብቻውን ግን ጥርስ አይቦረቡርም። ስኳር ያልለመደ ልጅ ቢከሳም ጥርሱ እምብዛም አይበላም። ጥርስ በፍጥነት የሚያልቀው እጥረትና ስኳር አንድ ላይ ሲመጡ ነው። ዛሬ ኮምቦልቻም ሆነ ደሴ፣ ወልድያም ሆነ ከሚሴ የማየው ይህንን ነው። ልጁ ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር አፉ ውስጥ አለ። ብስኩት ነው፣ ሻይ ነው፣ ከረሜላ ነው። ሆዱ ባዶ አይደለም፤ ክብደቱ ግን አይጨምርም፤ ጥርሱም ይጠፋል። እናት «ይበላል እኮ» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይበላል። የሚያሳድገውን ግን አይደለም።

በቁጥር እንየው። የ2 ዓመት ልጅ በቀን ወደ 1000 ካሎሪ ያስፈልገዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከዚህ ከ10 በመቶ እንዳያልፍ፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 5 በመቶ ማለት 12 ግራም ያህል ነው፤ ሦስት የሻይ ማንኪያ። እኛ ጋ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ሁለት ማንኪያ ስኳር የተለመደ ነው። ሁለት ብርጭቆ የጠጣ ልጅ ልኩን አልፏል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅማ ጣፋጭ መጠጥ ጭራሽ አይመከርም። ስኳሩ ሆዱን ሲሞላው ልጁ ምሳ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። የሻይ ቅጠሉም በበኩሉ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነቱ በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ደም ያነሰው ልጅ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ጥርሱ ማመም ሲጀምርማ ማኘክ ይጠላል፤ ለስላሳና ጣፋጭ ነገር ብቻ ይመርጣል። አዙሪቱ እንዲህ ነው የሚቀጥለው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሻዩን ያቁሙ። በአንድ ቀን ማቆም ከከበደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስኳሩን በየቀኑ እየቀነሱ ሄደው ይጨርሱት። በጡጦ ከሆነ የሚጠጣው ጡጦውንም ያስወግዱ፤ በዚህ ዕድሜ በኩባያ መጠጣት ይችላል። በምግብ መሀል የሚጠጣው ውሃ ብቻ ይሁን። ስኳር ያልገባበት፣ የፈላ ወተት ከምግብ ጋር ይጠጣ። ያለቅሳል፣ ያኮርፋል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ርቦት ወደ ምግቡ ይመጣል። እዚህ ላይ የቤቱ ሰው ሁሉ መስማማት አለበት። እናት ከልክላ አያት በጓዳ ካቀመሱ ምንም አይሠራም። አማትዎ ለልጁ ማሰባቸው ግልጽ ነው። ይህን ጽሑፍ አብረው ያንብቡት።

ምግቡ ሩቅ አይደለም። ከጤፍ ወይም ከገብስ፣ ከባቄላ ወይም ከሽምብራና ከኦቾሎኒ የተመጠነ ገንፎ ጥሩ ቁርስ ነው፤ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ሲገኝም እንቁላል ይግባበት። ሽሮና ምስር በእንጀራ ፍትፍት፣ ድንችና ካሮት፣ ጎመን፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ አይብና እርጎ ሁሉ ይሆናሉ። የሐይቅ ዓሣ ከተገኘ እሾሁ በጥንቃቄ ወጥቶ ለልጅ ግሩም ምግብ ነው። ወደ ባቲ በኩል ያላችሁም የፍየልና የግመል ወተታችሁን አፍልታችሁ ስጡ። በቀን ሦስት ጊዜ ዋና ምግብ፣ ሁለት ጊዜ መክሰስ ይበቃል። ከዚያ ውጭ አፉ ይረፍ።

ቤቱ ጾም ስለሆነ ብቻ እንቁላልና ወተት የሚከለከሉ ሕፃናት አጋጥመውኛል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ልጅ ጾም የሚጀምረው በ7 ዓመቱ ነው። በእስልምናም ልጅ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ጾም ግዴታ የለበትም፤ ለነፍሰ ጡርና ለአጥቢ እናትም ፈቃድ አለ። የሃይማኖት አባቶችም የሚነግሯችሁ ይህንኑ ነው።

ስኳር በሻይ ብቻ አይመጣም። አብሽ በስኳር፣ በማር የጣፈጠ አጥሚት፣ የታሸገ ጁስ፣ እንግዳ ይዞት የሚመጣው ብስኩት ሁሉ ያው ነው። ማር ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጥርስ አይነካም የሚባለው ትክክል አይደለም። ዓመት ላልሞላው ልጅማ ማር ለሕይወት አደገኛ የሆነ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። ተምር መልካም ምግብ ቢሆንም ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ ከምግብ ጋር ይሁን። እኛ ወሎዎች ቡናችንን እስከ በረካ ሳንደርስ አንነሣም። ልጁም ስኒ ሲቀርብ ቁጭ ብሎ ስኳሯን ይልሳል፣ ስኳር የተነሰነሰበት ፈንዲሻ ይዘግናል። ፈንዲሻና ቆሎ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማነቅም ይችላሉ። ቡናው ይፈላ፤ ለልጁ ግን ሙዝ ወይም የተቀቀለ ድንች ይቅረብለት። የሳል ሽሮፕና ሌሎች የሕፃናት ሽሮፖችም ብዙዎቹ ስኳር አለባቸው። ሐኪም ካዘዘ አያቋርጡ፤ ከምግብ ጋር ሰጥተው ውሃ ያጠጡት። ለምግብ እጥረት ሕክምና ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የታሸገ የኦቾሎኒ ምግብም (ፕላምፒ ነት የሚሉት) ይጣፍጣል። ጥርሱን ያበላሻል ብለው እንዳይተዉት። ሕይወት አዳኝ ነው። ከበላ በኋላ ውሃ ይጠጣ፣ ጥርሱም ይቦረሽ።

ስለ መቦረሽ። በቀን ሁለት ጊዜ ነው፤ የማታው ግን በፍጹም አይዘለል። ትንሽና ለስላሳ ብሩሽ ይግዙ። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ያለው ይሁን፤ ቱቦው ላይ 1000 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ቁጥር ይፈልጉ። እስከ 3 ዓመት መጠኑ የሩዝ ፍሬ ያህል ብቻ ነው። ከ3 እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ ያህል። ልጁን ጭንዎ ላይ አስተኝተው ከንፈሩን ገለጥ አድርገው እርስዎ ራስዎ ይቦርሹለት። 7 ዓመት አካባቢ እስኪሞላው ብቻውን በደንብ አይቦርሽም። አረፋውን ይትፋ እንጂ አፉን በውሃ ብዙ አይጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ቢቆይ ነው የሚጠቅመው። ሳሙናውን እንደ ከረሜላ እንዳይልስ ግን ከእጁ ያርቁት። መፋቂያ ለአዋቂ ጥርስ ያጸዳል። ለ2 ዓመት ልጅ ድድ ግን ሻካራ ነው፤ ፍሎራይድም አይተካም። ዝዋይና መተሐራ አካባቢ ያደጉ ልጆች ጥርስ በውሃው ፍሎራይድ ብዛት እንደሚበልዝ የሰማ ሰው ሳሙናውን ይፈራል። በተባለው መጠን ከቦረሹለት የሚያሰጋ ነገር የለም።

«መውደቁ አይቀርም ልተወው?» ላሉት መልሴ አይሆንም ነው። የፊት ጥርሶቹ የሚወድቁት ከ6 እስከ 8 ዓመቱ ነው። የኋላ መንጋጋዎቹ ደግሞ እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ። ልጅዎ ገና ከ3 ዓመት በላይ በእነዚህ ጥርሶች መብላትና መናገር አለበት። የወተት ጥርስ ሥር ከመገለ ከሥሩ የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። መንጋጋው ያለጊዜው ከተነቀለም ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ቋሚው ጠማማ ሆኖ ይወጣል።

ሕክምናው እንደ ደረጃው ይለያያል። ነጭ የሆነው ቦታ ገና ስላልተቦረቦረ ይመለሳል። ስኳሩ ቆሞ፣ በፍሎራይድ ሳሙና እየተቦረሸ፣ ሐኪሙም በየ3 ወይም በየ6 ወሩ ፍሎራይድ ቫርኒሽ ከቀባው ይጠነክራል። የተቦረቦረው ግን በራሱ አይሞላም። ቀዳዳው ጥልቅ ካልሆነ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ ግላስ አዮኖመር በሚባል ማቴሪያል መሙላት ይቻላል። መሰርሰሪያ ስለሌለው ለትንሽ ልጅ ይመቻል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽም አለ። መቦርቦሩን ያስቆማል፤ የተጎዳውን ቦታ ግን ጥቁር ያደርገዋል። በየክሊኒኩ አይገኝም፤ ይጠይቁ። የወላጅ ዓይን ጥቁረቱን ባይወደውም ከሕመምና ከመንቀል ይሻላል እላለሁ። መግል የያዘ ጥርስ ግን አንዳንዴ መነቀል ግድ ይሆንበታል። የትኛውም ሕክምና ሻዩ ከቀጠለ አይጸናም። የተሞላው ጥርስ ጎኑ እንደገና ይቦረቦራል።

ፊቱ ወይም መንጋጋው ካበጠ፣ ድዱ ላይ መግል የያዘ እብጠት ከወጣ፣ ከትኩሳት ጋር መብላትና መጠጣት ካቆመ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት። አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተው ሌሊትም ቢሆን አይጠብቁ። ለሕመሙ በክብደቱ ልክ የታዘዘ ፓራሲታሞል ይሰጠዋል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። አረቄ፣ ቅርንፉድ ዘይትም ሆነ ሌላ የሚያቃጥል ነገር ጥርሱ ላይ አያድርጉ። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክም ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅም ሆነ ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም፤ የሚያድገውን ጥርስ እስከ ወዲያኛው ያበልዘዋል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሻዩን መቀነስ ይጀምሩ፣ ብሩሽና ሳሙናውን ይግዙ። በዚህ ወር ውስጥ ልጁን የጥርስ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ሕመም እስኪጀምረው አይጠብቁ። ለክብደቱም ጤና ጣቢያ ሄደው ክንዱ ይለካ፤ ደም ማነስ ካለውም ይመርመር። የሽሮፑን ገንዘብ እንቁላል ይግዙበት።

ለሚመጣው ልጅ ደግሞ ሥራው አሁን ነው። ጥርሱ እየተሠራ ያለው በእርስዎ ሆድ ውስጥ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና ጎመን ይብሉ። ፀሐይም ያግኙ። ሲወለድ በደሴ ዓይነት ብርድ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ አይክረም። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ልብሱን ገለጥ አድርገው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፀሐይ ያሙቁት። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ ለቫይታሚን ዲ አይጠቅምም። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይጥባ። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል መቦረሽ ይጀምሩ። ተቅማጥ ሲይዘው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን የሚፈለቅቅ ሰው ዘንድ እንዳይወስዱት። የሚያወጡት ገና የሚያድገውን የጥርስ እንቡጥ ነው፤ ቁስሉም ኢንፌክሽን ያመጣል። ለተቅማጡ ኦአርኤስና ዚንክ ከጤና ጣቢያ ይቀበሉ።

የእርስዎም ጥርስ ይታይ። የተቦረቦረ ጥርስ ካለዎት ባክቴሪያው ምግብ አላምጠው ሲሰጡት ወይም በእርስዎ ማንኪያ ሲያቀምሱት ወደ ልጁ ይተላለፋል። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ለነፍሰ ጡር የጥርስ ሕክምና በጣም የሚመቸው ነው፤ እርስዎ አሁን እዚያ ላይ ነዎት። ልጁን ሲወስዱ ለራስዎም ካርድ ያውጡ፤ ነፍሰ ጡር መሆንዎን ግን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።